300 ተከፍሎ 290 ከ50 ሲገባ፦ የኦንላይን ክፍያ ተቆራጩ የማን ዕዳ ነው?

አንድ ሰው ያገለገለ ካሜራውን ሊሸጥ ኦንላይን ለጠፈ። ሌላው አየው፣ ወደደው፣ ጻፈለት። ትንሽ ተከራከሩና በ300 ተስማሙ። (የገንዘቡን ዓይነት እናንተ ሙሉበት፤ ሒሳቡ አይለወጥም።) ገዢው በክፍያ አፕ 300 ላከ። ሻጩ አካውንቱን ሲከፍት ግን የገባለት 290 ከ50 ነው። ክፍያውን ያስተላለፈው ድርጅት 3 በመቶ እና በላዩ 0.50 ቆርጦ ወስዷል።

ሻጩ ጻፈ፦ «9 ከ50 ጎድሏል። ይጨምሩልኝና ዕቃውን ልላክ።»

ገዢው መለሰ፦ «የተስማማነው በ300 ነው። 300 ልኬያለሁ።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሻጩ እጅ 300 አልገባም። ከገዢው እጅ ግን 300 ወጥቷል። ታዲያ መሀል ላይ የቀረችው 9 ከ50 የማን ዕዳ ናት? እንዲህ ያለ ክርክር ያገለገለ ዕቃ ኦንላይን በሚሸጥበት ሁሉ ይነሳል። ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ንቆ ያልፈዋል። ግን በዚህች ትንሽ ገንዘብ ሰበብ ጥሩ ሽያጭ ይፈርሳል። ከዚያም የባሰ አለ። እሷን ለማዳን ብሎ ሙሉ ገንዘቡን የሚያጣ ሰው አለ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

ተቆራጩ ወዴት ነው የሚሄደው?

ተቆራጭ ስል ክፍያ አስተላላፊው ድርጅት በእጁ ከሚያልፈው ገንዘብ ላይ ለራሱ የሚያስቀረውን ማለቴ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ በመቶኛ ይሰላል፤ ዋጋው ሲያድግ አብሮ ያድጋል። ሌላው ቋሚ ነው፤ ዕቃው ቢረክስም ቢወደድም ያው ነው። ከላይ የተጠቀምኩት 3 በመቶ ሲደመር 0.50 ለምሳሌ ያህል ነው። ትክክለኛው ተመን እንደ አገሩ፣ እንደ አፑና እንደ ክፍያው ዓይነት ይለያያል።

ገዢው በካርድ ከከፈለ ገንዘቡ በብዙ እጅ ያልፋል። ካርዱን የሰጠው ባንክ ድርሻ አለው። ባንኮችን እርስ በርስ የሚያገናኙት እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያሉ መረቦችም ድርሻ አላቸው። ክፍያውን የሚያቀናብረው ድርጅት ደግሞ የራሱን ይወስዳል። የአውሮፓ ኅብረት ካርድ ሰጪው ባንክ የሚወስደውን ድርሻ እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ገድቦታል። ግለሰቦች ለሚይዙት ዴቢት ካርድ 0.2 በመቶ፣ ለክሬዲት ካርድ 0.3 በመቶ ነው ጣሪያው። እዚያ 3 በመቶ ሲቆረጥ እንግዲህ አብዛኛው ለባንኩ አይደለም ማለት ነው። ትልቁ ድርሻ አቀናባሪው ድርጅት ጋ ይቀራል። እሱም በዚህ ገንዘብ ሥራውን ያካሂዳል፣ አጭበርባሪዎችን ይከታተላል፣ ለተታለሉ ገዢዎች ገንዘባቸውን ይመልሳል፣ የተረፈውን ያተርፋል።

ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ ጉዳይ ዋናው ለተታለለ ገዢ ገንዘብ መመለሱ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሲገበያዩ አንዱ ቀድሞ ማመን አለበት። ወይ ገዢው ዕቃውን ሳያይ ገንዘብ ይልካል፣ ወይ ሻጩ ገንዘቡን ሳይዝ ዕቃ ይልካል። ፊት ለፊት ቢሆኑ እጅ በእጅ ነበር። በሩቅ ሲሆን ግን መሀል ላይ ዋስ ያስፈልጋል። ክፍያ አስተላላፊው ያ ዋስ ነው። ዕቃው ካልመጣ፣ ወይም የመጣው ከተባለው የተለየ ከሆነ፣ ገዢው አቤት የሚለው ለእሱ ነው። በፔይፓል ለምሳሌ ገዢው ከከፈለበት ቀን ጀምሮ እስከ 180 ቀን ድረስ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።

ስለዚህ ተቆራጩ ገንዘብ ከዚህ ወዲያ ለማሻገር ብቻ የሚከፈል አይደለም። በከፊል የዋሱ ደመወዝ ነው።

«ዋሱ የሚጠብቀው ገዢውን ከሆነ ገዢው ይክፈለዋ!» የሚል ሰው ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ዋሱ ባይኖር ያ ገዢ ለማያውቀው ሰው 300 ይልክ ነበር? አብዛኛው ሰው አይልክም። ዋሱ ለገዢው መተማመኛ ነው፤ ለሻጩ ደግሞ ገዢ አምጪ ነው። ሻጩም ቢሆን ባዶ እጁን አይደለም። ዕቃውን መላኩን የሚያሳይ የመከታተያ ቁጥር ከያዘ «አልደረሰኝም» ከሚል ክስ የሚጠበቅበት ደንብ አለ።

በአሠራሩ ከማን ላይ ነው የሚቆረጠው?

ከተቀባዩ፣ ማለትም ከሻጩ። ይህ ልማድ የመጣው ከሱቆች ነው። ሱቅ በካርድ ክፍያ ሲቀበል ተቆራጩን የሚችለው ሱቁ ነው። ደንበኛው ዋጋው ላይ የተጻፈውን ከፍሎ ይሄዳል። ኦንላይን ገበያው ሲመጣ ያንኑ መንገድ ወረሰ። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀመር ሰዎች ለገዙት ዕቃ ቼክ ወይም የፖስታ ሐዋላ ይልኩ ነበር። ሻጩ ፖስታው እስኪደርስ ቀናት ይጠብቃል። ፔይፓል ይህን አስቀረ። ገዢው በነፃ ይከፍላል፣ ገንዘቡ ወዲያው ይደርሳል፣ ሻጩ ትንሽ ይቆረጥበታል። ነገሩ ስለሠራ ኢቤይ በ2002 ፔይፓልን ራሱን ገዛው።

ግን አንድ የማይመሳሰል ነገር አለ። የግል ሻጭ ባለ ሱቅ አይደለም። ሱቅ በዓመት ሺህ ዕቃ ይሸጣል፤ ተቆራጩን ከኪራይና ከመብራት ጋር ደምሮ በዕቃዎቹ ሁሉ ላይ በትኖ ያስቀምጠዋል። የግል ሻጩ የሚሸጠው አንድ ካሜራ ነው፤ ያውም ከገዛበት ባነሰ። ትርፍ የሚባል ነገር የለውም። ከኪሳራው ላይ ሌላ ሲቆረጥበት መናደዱ አይገርምም። «ተቆራጩ የሻጭ ነው» የሚለው ደንብ የተሠራው ለነጋዴ ነው። እኛ ለአንድ ካሜራ ተዋስነው።

ሻጩ «ተቆራጩ በገዢ» ማለት ይችላል?

ከስምምነት በፊት ከሆነና ከስምምነት በኋላ ከሆነ መልሱ ይለያያል።

ከስምምነት በፊት ዋጋ የመተመን መብቱ የሻጩ ነው። 300 ይበል፣ 310 ይበል የሚከለክለው የለም። ጣጣው የሚመጣው 300 ብሎ ጽፎ «በዚህ አፕ ከከፈሉ 10 ይጨምራሉ» ሲል ነው። ይህ በክፍያ መንገድ ላይ ጭማሪ መጣል ይባላል። በአውሮፓ ኅብረትና በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ ነጋዴዎች በተለመዱት የግለሰብ ካርዶች ላይ እንዲህ ያለ ጭማሪ እንዳይጥሉ ተከልክለዋል። ክልከላው የተጻፈው ለነጋዴዎች ነው። ካሜራውን የሚሸጥን ግለሰብ በቀጥታ አይመለከትም። ይሁን እንጂ ግለሰቡ የክፍያ አፑን ሲከፍት የፈረመው ውል አለ። ብዙ አገልግሎቶች ለብቻው የሚጠየቅ ጭማሪን በዚያ ውል ውስጥ ይከለክላሉ ወይም ይገድባሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው 310 ብሎ መጻፍ 300 ብሎ 10 ከመጨመር ይልቅ ከጣጣ የራቀ ነው።

ከስምምነት በኋላ ግን ሌላ ነገር ነው። ዋጋ ስንል በተለምዶ ከገዢው ኪስ የሚወጣውን ማለታችን ነው። ስለ ተቆራጭ ምንም ሳይነሳ በ300 ከተስማሙ፣ ከከፈሉም በኋላ 9 ከ50 መጠየቅ አዲስ ዋጋ ማውጣት ነው። እዚህ ላይ ፍርዴን ልናገር፦ የኛ ባለ ካሜራ 9 ከ50ዋን ራሱ መቻል አለበት። ዋጋውን የተናገረው እሱ ነው። ገንዘቡ የሚገባበት አካውንት የእሱ ስለሆነ ምን ያህል እንደሚቆረጥም ቀድሞ ማወቅ የሚችለው እሱ ነው። ገዢው ይህን የሚያይበት መስኮት የለውም። እሱ የሚታየው 300 ብቻ ነው።

ፍርዴ የሚቀየርበት አንድ ሁኔታ አለ። ሻጩ ማስታወቂያው ላይ «እጅ በእጅ ወይም በባንክ ዝውውር» ብሎ ዋጋውን በዚያ ተምኖ ሊሆን ይችላል። ገዢው መጥቶ «እኔ በፔይፓል ነው የምከፍለው» ካለ፣ ዋስ የጠራው ገዢው ነው። ሻጩ «በዚያ መንገድ ከሆነ 310 ነው የምሸጠው» ቢል ሸፍጥ የለበትም። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ሰምቷል፤ ካልተመቸው ይተዋል።

በእውነት የሚከፍለውስ ማነው?

ይህን ለማየት ሁለት ሰዎች በአጣና ላይ ሸክም አንጠልጥለው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው ሲሄዱ አስቡ። ሸክሙ ላይ የአንዱን ስም ብትጽፉበት ክብደቱ ወደ እሱ አይዞርም። የሚያዘነብለው ትከሻው ዝቅ ወዳለው ነው።

ተቆራጭም እንዲሁ ነው። ደረሰኙ ላይ «ከሻጭ የተቆረጠ» ይላል እንበል። ሻጩ ያንን እያወቀ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ከተመነ፣ የከፈለው ገዢው ነው። ወይም «የገዢ ክፍያ» ይላል እንበል። ገዢው ያንን አስልቶ «ከ290 በላይ አልሄድም» ካለና ሻጩ ከተቀበለ፣ የከፈለው ሻጩ ነው። ስሙ አንድ ቦታ ተጽፏል፤ ገንዘቡ ከሌላ ኪስ ወጥቷል።

ትከሻው ዝቅ የሚለው የማን ነው? ትቶ መሄድ የማይችለው ሰው። ተመሳሳይ ካሜራ የሚሸጡ ሃያ ሰዎች ካሉ ገዢው ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሻጩ ይችለዋል። ካሜራው ከገበያ የጠፋና ብዙ ሰው የሚፈልገው ከሆነ ደግሞ ሻጩ አይጨነቅም፤ ገዢው ይጨምራል። ቤት ሊቀይር በሳምንት ውስጥ ሶፋውን መሸጥ ያለበት ሰው የትኛውም ወረቀት ላይ ምን ቢጻፍ ከፋዩ እሱ ነው።

ትልልቆቹ የገበያ አፖች ሸክሙን ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ሲያዟዙሩ ማየት ይህን ግልጽ ያደርገዋል። ከዚያ በፊት አንድ ልዩነት፦ እነሱ የሚያስከፍሉት ክፍያ ማስተላለፊያውን ብቻ አይደለም። ዕቃው የተለጠፈበት ገበያ የእነሱ ስለሆነ የገበያ ኮሚሽንም አለበት። መጠኑ ከተራ ተቆራጭ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሊትዌኒያ ውስጥ የተመሠረተው ቪንቲድ ሻጩን ምንም አያስከፍልም። ገዢው ግን ከዋጋው በላይ «የገዢ ጥበቃ» የሚባል ክፍያ ይጨምራል፤ የተወሰነ መቶኛና አንድ ቋሚ ሒሳብ። ለብዙ ዓመታት ሻጭን ሲያስከፍል የኖረው ኢቤይም በዚህ መንገድ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2023 ጀርመን ውስጥ ለግል ሻጮች ኮሚሽኑን አነሳ። በ2024 በብሪታንያም እንዲሁ አደረገ። በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ እዚያው ብሪታንያ ውስጥ የገዢ ጥበቃ ክፍያ አስገባ። ያን ክፍያ ግን ለብቻው አላሳየውም። ገዢው የሚያየው ዋጋ ውስጥ አካትቶታል። ሻጩ አንድ ቁጥር ይጽፋል፣ ገዢው ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ያያል።

የጃፓኑ መርካሪ ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። አሜሪካ ባለው ገበያው በ2024 የሻጭ ኮሚሽኑን አንስቶ ሸክሙን ወደ ገዢ አዞረ። ዓመት ሳይሞላ፣ በ2025 መጀመሪያ፣ ሻጮችን ወደ ማስከፈል ተመለሰ፤ 10 በመቶ። ድርጅቱ የሚፈልገው ገንዘብ ከሆነ ቦታ መምጣት ነበረበት። የሚለወጠው ማን ፊት ላይ ተጽፎ እንደሚታይ ነው።

ይህ ማለት የት እንደሚጻፍ ለውጥ የለውም ማለት ግን አይደለም። ለሒሳቡ ለውጥ የለውም። ለሰው ልብ ግን አለው። 310 ነው የተባለ ሰው አስቦ ይከፍላል ወይም ይተዋል። 300 ተብሎ ከተስማማ በኋላ 10 ጨምር የተባለ ሰው ይቀየማል። ሁለቱም 310 ነው የከፈሉት፤ የመጀመሪያው የገዛ ይመስለዋል፣ ሁለተኛው የተነጠቀ።

«እንደ ወዳጅ ላክልኝ» ቢባልስ?

አደጋው ያለው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ፔይፓል ሁለት በሮች አሉት። አንዱ «ለዕቃና አገልግሎት» ነው፤ ተቀባዩ ይቆረጥበታል፣ ገዢው ዋስ አለው። ሌላው «ለወዳጅና ቤተሰብ» ነው። ይህ የራት ሒሳብ ለመካፈል፣ ለእህት ገንዘብ ለመላክ የተሠራ ነው። በአንድ አገር ውስጥ ከአፑ ቀሪ ሒሳብ ወይም ከባንክ የተላከ ከሆነ ብዙ ጊዜ ተቆራጭ የለውም። ከካርድ ከተላከ ግን ክፍያ አለው፤ ከፋዩም ላኪው ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ በዚህ በር ላለፈ ገንዘብ የግዢ ጥበቃ የለም። ስጦታ እንደላካችሁ ነው የሚቆጠረው። ስጦታ አልደረሰኝም ተብሎ አይከሰስም።

ሻጩ «እንደ ወዳጅ ይላኩልኝ፣ ተቆራጩ ይቀርልናል» ሲል በአነጋገሩ ቅን ይመስላል። አንዳንዱም በእርግጥ ቅን ነው፤ 9 ከ50ዋ አናዳው ነው። ግን የሚጠይቀውን ልብ በሉ። «ዋሱን እናሰናብት፣ ደመወዙንም እንቆጥብ» ነው የሚለው። ዋሱ ከሄደ ገዢው ብቻውን ቀረ። አጭበርባሪዎች ይህን ስለሚያውቁ የሚወዱት ጥያቄ ይኸው ነው። ዋጋውን ያረክሳሉ፣ ያጣድፋሉ፣ «ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ነው» ይላሉ፣ ከዚያ በወዳጅ በር አስልከው ይጠፋሉ።

በሒሳብ እንየው። በዚህ መንገድ የምታድኑት 9 ከ50 ነው። አደጋ ላይ የምትጥሉት 300 ነው። 31 ጊዜ እንዲህ ገዝታችሁ አንዱ ብቻ ቢከሽፍ፣ ያዳናችሁት 294 ከ50፣ ያጣችሁት 300 ነው። ያዳናችሁት ሁሉ ሄዶ በላዩ ከፈላችሁ። ያውም ተቆራጩን ያዳነው ሻጩ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። አደጋው የገዢው፣ ቁጠባው የሻጩ ነው። ገዢ የሆነ ሰው ይህን አንዴ ቢያስተውል በዚያ በር ለማያውቀው ሰው አይልክም።

ለሻጩም ሰላም የለውም። የፔይፓል ውል ሻጭ ገዢውን በወዳጅ በር እንዲከፍል መጠየቅ እንደሌለበት በግልጽ ይናገራል። ተደርሶበት አካውንቱ ቢገደብ ውስጡ ያለው ገንዘብ ሁሉ ጣጣ ውስጥ ይገባል። ገንዘቡ ከተሰረቀ አካውንት የተላከ ከሆነ ደግሞ «ለወዳጅ» ስለተባለ አይጸናም፤ ሊመለስ ይችላል። ያኔ ካሜራው ተልኳል፣ ገንዘቡም የለም።

ሌሎች አፖችም ተመሳሳይ ልዩነት አላቸው። ቬንሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ላኪው «ይህ የዕቃ ግዢ ነው» ብሎ ምልክት የሚያደርግበት አማራጭ አስገብቷል፤ ምልክቱ ሲደረግ ሻጩ ይቆረጥበታል፣ ጥበቃውም ይጀምራል። ዜል ደግሞ የሚመክረው ለምታውቁትና ለምታምኑት ሰው ብቻ እንድትልኩ ነው። የግዢ ጥበቃ የለውምና።

ሒሳቡን እንዴት ልሥራ?

ሻጭ ከሆናችሁ በእጃችሁ እንዲገባ ከምትፈልጉት ተነሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተቆራጩን በቀጥታ በመደመር ነው። 300 ላይ 9 ከ50 ደምሮ 309.50 ይጠይቃል። ግን መቶኛው የሚሰላው በአዲሱ ዋጋ ላይ ነው። ከ309.50 ሲቆረጥ የሚገባው 299.71 አካባቢ ነው። ሙሉ 300 እንዲገባ ቋሚውን ትደምራላችሁ፣ ከዚያ ከመቶኛው በኋላ ለሚቀረው ታካፍላላችሁ። 300 ሲደመር 0.50 ይሆናል 300.50፤ ለ0.97 ሲካፈል 309.79። ይህን ወደ 310 አጠጋግቶ ማስታወቂያው ላይ መጻፍ ነው። መደራደሪያ የምትተዉ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በላይ።

ግማሽ ግማሽ እንካፈል ብላችሁ ከተስማማችሁ፣ ገዢው 305 ይልካል፣ ሻጩ ጋ 295.35 ይደርሳል። ገዢው 5 ጨመረ፣ ሻጩ 4.65 ተወ። ከክፍያው በፊት እስከተነጋገሩ ድረስ ይህም ጥሩ መውጫ ነው።

ትንንሽ ዕቃ ላይ የሚጎዳው ቋሚው ነው። በ5 የሚሸጥ መጽሐፍ 0.65 ይቆረጥበታል፤ ከዋጋው 13 በመቶ ማለት ነው። በ500 የሚሸጥ ስልክ ላይ ግን 15.50 ነው፤ 3.1 በመቶ ብቻ። ስለዚህ አምስት መጽሐፍ ለአንድ ሰው የምትሸጡ ከሆነ ክፍያውን ባንዴ ተቀበሉ። ለየብቻ ከሆነ 3.25 ይሄዳል፤ ባንዴ ከሆነ 1.25።

የመላኪያ ወጪም አይረሳ። ዕቃው 40፣ መላኪያው 10 ከሆነ የሚቆረጠው ከ50 ላይ ነው። 2 ይሆናል፤ ከዕቃው ዋጋ 5 በመቶ። ፖስታ ቤት ለሚሄደው ገንዘብ ጭምር ሻጩ እየተቆረጠበት ነው። ገዢና ሻጭ በተለያየ ገንዘብ የሚጠቀሙ ከሆነም የምንዛሪ ልዩነት አለ፤ እሱ ብዙ ጊዜ ከተቆራጩ አያንስም። የማን እንደሆነ ቀድሞ መነጋገር ነው።

ተቆራጭ የሌለው መንገድ የለም እንዴ?

አለ። ገንዘብ ማሻገር በራሱ ውድ መሆን የለበትም። የብራዚል ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያስጀመረው ፒክስ ለግለሰቦች በነፃ፣ በሰከንዶች ውስጥ ገንዘብ ያደርሳል። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው ዩፒአይም በስልክ የሚላክን ገንዘብ የየዕለት ነገር አድርጎታል። በብዙ አገር ተራ የባንክ ዝውውርም ነፃ ወይም ለነፃ የቀረበ ነው።

ግን እነዚህ መንገዶች አሻጋሪ እንጂ ዋስ አይደሉም። ገንዘቡ ከሄደ ሄደ። ስለዚህ ልክ የሚሆኑት መተማመኛው ከሌላ ቦታ ሲመጣ ነው። ተገናኝታችሁ ካሜራውን ከፍታችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ ካያችሁ ዓይናችሁ ዋሳችሁ ነው፤ ለሌላ ዋስ የምትከፍሉበት ምክንያት የለም። እንዲያውም በአካል ርክክብ ላይ የፔይፓል የሻጭ ጥበቃ ብዙ ጊዜ አይሠራም። የመላኪያ ማስረጃ የለማ። ዕቃውን ወስዶ በኋላ «አልተቀበልኩም» የሚል ሰው ቢመጣ ሻጩ የሚያሳየው ነገር ያጣል። ተገናኝቶ ለመረካከብ እጅ በእጅ ወይም እዚያው ቆሞ የባንክ ዝውውር ማድረግ ለሁለቱም ይሻላል። ሻጩ ግን የሚያምነው የራሱን ባንክ አፕ ከፍቶ ያየውን እንጂ ገዢው ያሳየውን የስልክ ፎቶ መሆን የለበትም።

ሽያጩ ቢፈርስስ?

ሰው ስለዚህ የሚያስበው ከደረሰበት በኋላ ነው። ገዢው ዕቃውን መልሶ ገንዘቡ ሲመለስለት ተቆራጩም ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ ሻጭ ብዙ ነው። ፔይፓል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ይህን አቁሟል። ገዢው ሙሉ 300 ይመለስለታል፤ ቀድሞ የተቆረጠው 9 ከ50 ግን ለሻጩ አይመለስም። ሻጩ ከገባለት 290.50 ላይ 9.50 ከራሱ ጨምሮ ነው የሚመልሰው።

ዕቃው ከተባለው የተለየ ሆኖ ከተመለሰ ይህ የሻጩ ዕዳ ነው፤ ክርክር የለውም። ገዢው ሐሳቡን ስለቀየረ ብቻ ከሆነ ግን ሻጩን ማስከፈል ከባድ ነው። ስለዚህ ጥያቄ ሁሉ፣ ተጨማሪ ፎቶ ሁሉ፣ «ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል» የሚለው ሁሉ ከክፍያ በፊት ይለቅ። ሻጭም ገዢው በደንብ ሳይጠይቅ «ቶሎ ይክፈሉ» አይበል።

ወደ ካሜራው ልመለስ። ሻጩ «9 ከ50 ካልጨመሩ አልልክም» ብሎ ሽያጩን ቢያፈርስ 300 መመለስ አለበት። ተቆራጩ አይመለስለትም። ስለዚህ 9 ከ50ዋ ያው ከኪሱ ወጥታለች፣ ካሜራውም ገና አልተሸጠም፣ ነገ ለሚመጣው ገዢ ደግሞ ሌላ 9 ከ50 ይቆረጥበታል። ዛሬ ከላከው ግን አንዴ ብቻ ተቆርጦበት 290 ከ50 ይዞ ይቀራል።